የማያስፈልጓት ሦስት ፎቆች

ሄራን ሐሙስ ማታ በስልክ ካርታ ሁለት ንጉሥ ይዛ በሦስት ሰባት ተሸነፈች። ስድስት ፎቅ ሄደ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችና ወደ ውስጠኛው ክፍል ጆሮዋን ጣለች። እናቷ ወይዘሮ ኤልዳና ሬዲዮ እያዳመጡ ነበር፤ ምንም አልሰሙም።

ሕንጻው ሠላሳ አንድ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ግን አንድ። ለሊፍቱ መብራት በቀን ለስድስት ሰዓት ብቻ መለቀቅ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ተሰለፈ። በሁለተኛው ተጣላ። በሦስተኛው አንድ የአሥራ ሰባተኛ ፎቅ ነዋሪ የአንድ የሃያኛ ፎቅ ነዋሪን ሁለት ጥርስ አወለቀ። ያኔ የነዋሪዎች ማኅበር ተሰብስቦ ፎቅን እንደ ስኳር አከፋፈለ፤ ለአንድ ቤት በወር ሠላሳ። አንድ ፎቅ መውጣት አንድ ይበላል፣ አንድ ፎቅ መውረድም አንድ ይበላል። የከፈለው ቤት ሰዎች አብረው ይሳፈራሉ፤ የሌላ ቤት ሰው ከገባ ግን ሊፍቱ አይንቀሳቀስም። መውረድ እንኳ በነጻ ይሁን ብለው እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

ፎቅ መሸጥም መስጠትም ክልክል ነው። የወር ድርሻ ወሩ ሲያልቅ ይቃጠላል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሻገርበት አንድ መንገድ ብቻ አለ፣ እሱም በስልክ የሚጫወቱት ፖከር ነው፤ በፖከር የተገኘ ፎቅ አይቃጠልም። ለምን ፖከር እንደተመረጠ ዛሬ በትክክል የሚያስታውስ የለም። ዕጣ ሲባል ለሰነፍ ያደላል ተባለ፤ ድምፅ ሲባል ለባለ ብዙ ዘመድ ያደላል ተባለ፤ ፖከር ግን ዕድልም ጭንቅላትም አለበት ተብሎ በእጅ ብልጫ ጸደቀ። ሁለት ካርታ በእጅ፣ አምስት ካርታ በመሐል። ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቀያየም ስም አይታይም፤ ተጫዋቹ ሁሉ የወፍ ስም ተሰጥቶታል። ሄራን ጅግራ ናት። ጨዋታውን የሚመራውን ሥርዓት ሰው ሁሉ «ዳኛው» ይለዋል።

ሄራን የምትጫወተው ታችኛው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መነሻው ከሁለት ፎቅ አይበልጥም። ላይኛው ጠረጴዛ ላይ የዓመት ሊፍት የሚያስይዙ አሉ ይባላል። እሷ እዚያ ደርሳ አታውቅም፤ መድረስም አትፈልግም። የምትፈልገው ሰማንያ ስምንት ፎቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ኤልዳና የሚኖሩት ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የግራውም እየደከመ ነው። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ታክሞ ቤት ማደር፣ በማግሥቱ ተመልሶ ፋሻ ማስፈታት። ሁለት መውረድ፣ ሁለት መውጣት። ይህ ተራ ካመለጠ ቀጣዩ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው፤ ሐኪሟ ደግሞ ዓይኑ ያን ያህል አይጠብቅም ብላ ቁርጡን ተናግራለች።

የእናትየው እግር ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ከልጃቸው ይሻላል። አምና ግን የደረጃው መብራት ለቁጠባ ተነቅሎ ሳለ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ እርከን ስተው ወደቁ፣ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ አልረገጡም። ሰዎች በወንበር ተሸክመን እናውርድዎ ሲሏቸው፣ «በቁሜ በሰው ትከሻ አልወርድም፤ ያን ስሞት ታደርጉታላችሁ» ብለው ዘጉ። እሳቸው አንዴ ከዘጉ ዘጉ ነው።

ሄራን የምትሠራው ምድር ቤት ባለው መድኃኒት ቤት ነው። ጠዋት ሃያ ሁለት ፎቅ በእግሯ ትወርዳለች፣ ማታ ሃያ ሁለት ፎቅ በእግሯ ትወጣለች። የቤቱ ሠላሳ ፎቅ የእናቷ ነው። የግንቦቱን ሠላሳ ብትጠብቅ ሃምሳ ስምንት ይጎድላታል፤ ያለፉት ሁለት ወራት ድርሻ ደግሞ በጨዋታ አልቋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ዓርብ ጠዋት አቶ ኪሩቤል ለዳሌያቸው የሚቀባ ቅባት ሊገዙ መጡ። ዘጠነኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሰው መቼ መቼ እንደሚሞት ሲያሰሉ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ካርታ ላይ የተዋጣላቸው ናቸው ይባላል፤ እሳቸው ግን ከታችኛው ጠረጴዛ ራሳቸውን ካገለሉ ቆይተዋል። ሄራን ቅባቱን እየጠቀለለች ስለ ሁለቱ ንጉሥ አማረረችላቸው።

«እስቲ እጁን ንገሪኝ» አሉ። «መጀመሪያ ምን አደረግሽ?»

«ምንም ሳላስይዝ አለፍኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሁለተኛም አለፍኩ።»

«በሦስተኛው?»

«ገባኋ።»

አቶ ኪሩቤል በአፍንጫቸው ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ምሳ ቀርቦልሽ ነው እንዴ? ሁለቴ "ኧረ በልቻለሁ" ብለሽ በሦስተኛው እጅሽን የምትታጠቢው? ሁለቴ ስታልፊ ሰውየው ሦስተኛ ሰባቱን በነጻ ጠበቀ። በሦስተኛው ስትገቢ ደግሞ ምን እንደያዝሽ ጠረጴዛው ሁሉ ዐወቀ።»

ሄራን አስባበት አታውቅም ነበር። ስልኳን ሰጠቻቸው፤ ያለፉትን የሦስት ሳምንት ጨዋታዎች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩ። ደንበኛ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሄደ።

«ይቺ ቆቅ የምትባለው ሁለት ፎቅ ብቻ ሲቀራት ለምን ካርታሽን ጣልሽ? አሸንፈሽ ነበር እኮ።»

«ሁለት ብቻ ቀርቷት እንዴት ልውሰድባት፣ ጋሼ?»

«ማን ናት?»

«አላውቃትም።»

«የማታውቂያትን ሰው ነው ይሉኝታ የያዘሽ?» ስልኩን መለሱላት። «ለሰው ብትል ትጠፋለህ፣ ለእግዜር ብትል ትጸድቃለህ ሲባል አልሰማሽም? የእናትሽን ዓይን በይሉኝታ እየበተንሽው ነው። ማታ ከሥራ ስትወጪ ዘጠነኛ ላይ ጎራ በይ።»

ጎራ አለች። ከዚያ በኋላ ለአምስት ሳምንት በየምሽቱ አንዳንድ ሰዓት ዘጠነኛ ላይ እየቆመች ወጣች። አቶ ኪሩቤል የምግብ ጠረጴዛቸውን በካርታ ይሞሉታል፣ ለፎቅ ምትክ ሽምብራ ይቆጥራሉ። ትምህርታቸው የሚያስደንቅ ነገር የለውም። አብዛኛው ካርታ የሚጣል ነው፤ ካርታ የጣለ አልተሸነፈም። መጨረሻ የመናገር ተራ ሲደርስሽ ግቢ፣ ሽማግሌ ለምን መጨረሻ የሚናገር ይመስልሻል? ያስያዝሽው አንድ ጊዜ ሄዷል፣ እሱን ፍለጋ ሌላ አትጨምሪ፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ጥሩ ካርታ ከያዝሽ ወዲያው አስከፍያቸው። እነዚህን ለመልመድ ሁለት ሳምንት በቃት።

ይሉኝታው ግን በቀላሉ አልለቃትም። አቶ ኪሩቤል ሆን ብለው ሽምብራቸውን እያነሱ እያነሱ ሁለት ፍሬ ላይ ሲደርሱ፣ ሄራን እጇ ይተሳሰራል። አንድ ቀን ሁለት ንግሥት ይዛ ጣለች። ሽማግሌው ካርታዋን ገለበጡና ፊቷ አስቀመጡት። «እንደገና» አሉ። ያንኑ ነገር አርባ ጊዜ አስደገሟት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሽምብራዎች አርባ ጊዜ ከፊታቸው ጠርጋ ወሰደች። በአርባኛው ምንም አልተሰማትም። ይህንንም ነገረቻቸው።

«በቃ ተማርሽ» አሏት።

መማሯ ካርታው ላይ ብቻ አልቀረም። አሥረኛ ፎቅ ክርስትና ተጠርታ፣ ዶሮው ሲቀርብላት ገና በመጀመሪያው «እሺ» ብላ ሳህኗን ዘረጋች። ወጡን የያዘችው ሴት ጭልፋዋን አየር ላይ አቁማ አየቻት። መድኃኒት ቤት ውስጥም «አያድርም» እያሉ ዱቤ የሚለምኗትን ሰዎች አንዴ «አይሆንም» ብላ ወደ ሥራዋ መመለስ ጀመረች፤ በፊት ግን አሥር ደቂቃ ይቅርታ ስትጠይቅ ትቆይ ነበር። እንቅልፏ ተስተካከለ። እናቷ አንድ እሑድ ምሳ እየበሉ፣ «ፊትሽ ተለውጧል አሉኝ፤ እኔ እንኳ አይታየኝም። ድምፅሽ ግን ተለውጧል» አሏት።

«ደክሞኝ ነው፣ እማዬ።»

«የደከመውን ድምፅሽንማ ዐውቀዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው።»

ፎቁ መጣ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሃያ ስድስት፣ ከዚያ ሠላሳ አምስት፣ ከዚያ አርባ አራት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የግንቦቱ ሠላሳ ሲጨመር ሰባ አራት ሆነ። ቆቅን ሁለት ጊዜ ባዶ አደረገቻት፤ ሰጎን የሚባለውንም አንድ ጊዜ። ሰማንያ ስምንት ለመሙላት አሥራ አራት ፎቅ ቀራት፤ ለቀጠሮው አራት ቀን ሲቀር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊፍቱ ጠፍቶ ሰው ቤቱ በሚውልበት ሰዓት ታችኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች።

በመጀመሪያው እጅ ሁለት ፎቅ አስያዘች። ሰጎን ጣለ። ቆቅ ጣለች። ርግብና ቁራም ጣሉ። በሁለተኛው እጅ ምንም የማይረባ ካርታ ደረሳት፤ ለመጣል ስታስብ ሁሉም ቀድመዋት ጣሉ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ማንም ካልተከተላት የምታገኘው የአንድ ፎቅ ሽርፍራፊ ብቻ ነው። ሄራን መጀመሪያ ዕድል መሰላት፣ ቀጥሎ ግራ ገባት። በሰባተኛው እጅ ቆቅ ካርታዋን ስትጥል አዙራ ለሁሉም አሳየች፤ ሁለት ኤስ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠውን እጅ ይዛ ነው የጣለችው። የዋሉልህን ውለታ ሳያሳዩህ የማይሄዱ ሰዎች አሉ፤ ቆቅ ከእነሱ ናት።

ያን ጊዜ ለሄራን ገባት። ጅግራ ማን እንደሆነችና ለምን እንደምትጫወት ሁሉም ዐውቀዋል። ሰውነቷን ሙቀት ወረራት፤ ደስታም ነው፣ ንዴትም ነው። «ኧረ ተጫወቱ» አለች ለስልኩ። በዘጠነኛው እጅ ላይ ጠረጴዛው ግራጫ ሆነ። ዳኛው በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «ጠረጴዛው በአንቀጽ ሰባት ታግዷል። የጅግራ ሰባ አምስት ፎቅ እስኪጣራ ተይዟል» አለ።

ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። «እማዬ፣ ጅግራ እኔ መሆኔን ለማን ነገርሽ?»

ወይዘሮ ኤልዳና ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት ሊጠይቁኝ ለመጡት ነዋ። ሰባት ሴቶች ነበሩ። "ምን ያህል ቀራት?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ምነው፣ ከፋ?»

ሄራን ሃያ ሁለት ፎቅ በእግሯ ወርዳ የማኅበሩን በር አንኳኳች።

ማጣሪያው በማግሥቱ እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ተደረገ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ማራናታ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከሄራን ሱቅ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ በትሕትና የሚናገሩ ሴት ናቸው። አንቀጽ ሰባትን ከወረቀት ላይ አነበቡ፤ «ተጫዋች ለተጫዋች አይራራም» ይላል። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሄራንዬ፣ ልባችን ካንቺ ጋር ነው። ግን ርኅራኄ ካለ ስጦታ ነው። ስጦታ ካለ ነገ ሽያጭ ይመጣል። ሽያጭ ከመጣ ጥርስ መወላለቁ ይመለሳል። አራቱም ተጫዋቾች ጥፋታቸውን አምነዋል፤ የሦስት ወር ሊፍት ተቀጥተዋል። አንቺ ግን ሳትመሳጠሪ ያገኘሽው መሆኑን ማሳየት ትችያለሽ። ደንቡ ይፈቅዳል።»

ደንቡ የሚፈቅደው ይህን ነበር። ቅዳሜ ያገኘችው አንድ ፎቅ ተሰርዟል። ከነዋሪዎች አንዱ በፈቃዱ፣ ከገዛ ፎቁ አስይዞ፣ በአካል ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይጫወታል። እሷም ያንኑ ያህል ታስይዛለች። ካርታቸውን ዳኛው ያያል፤ በግድግዳው ላይ የርኅራኄ ልካቸውን የሚያሳይ መስመር አለ። መስመሩ ከሁለት አንዳቸው ላይ ከግማሽ ካለፈ ሰባ አራቱም ፎቅ ይሰረዛል። ጨዋታው የሚያበቃው አንዱ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው።

ወይዘሮ ማራናታ አዳራሹን አዩ። ስልሳ ያህል ሰው ተቀምጧል። ሁሉም ወለሉን አየ። ማን ይነሣል? የታማሚ እናት ፎቅ ሊቀማ የተነሣ እንዳይባል የሚፈራ አለ፤ ተነሥቶ ሲራራ እንዳይያዝ የሚፈራም አለ። አንድ ወንበር ተንቋቋ። አቶ ኪሩቤል ዳሌያቸውን በእጃቸው ደግፈው ተነሡ።

«አሥራ ሰባት ፎቅ አለኝ» አሉ። «ለዚህ ወር የቀረኝ እሱ ነው።»

ጠረጴዛው አጠገብ ሲደርሱ ዝቅ ብለው ለሄራን ብቻ ተናገሩ። «ስሚኝ። አልለቅልሽም። ብለቅልሽ ሁለታችንም ገደል ገባን። የማውቀውን ሁሉ አውጥቼ ነው የምጫወትብሽ። አንቺም እንደዚያው።»

«ጋሼ፣ ካሸነፉኝስ?»

«ካሸነፍኩሽ አሸነፍኩሽ ነው» አሉና ወንበሩን ሳቡ።

እንዳሉትም አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ አሥር እጆች አምስት ፎቅ ወሰዱባት፤ አንዱን በባዶ እጅ አስፈራርተው ነው። ሄራን የሽማግሌውን ፊት እያየች ምንም ልታነብበት አልቻለችም፤ የሰው መሞቻ ሲያሰላ የኖረ ፊት ነው። ፍርሃት ያዛት። አሥራ ሁለት ፎቅ ፊቷ ቀርቶ እናቷን አሰበች፤ ቀጥሎ ማሰቡን ተወችው፤ ይህንንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። መጣል፣ መጣል፣ መጣል። መጨረሻ የመናገር ተራዋን መጠበቅ። በሃያ አንደኛው እጅ ሦስት ዘጠኝ ይዛ ወዲያው አስከፈለቻቸው፣ ሰባት ፎቅ መጣ። በሠላሳ አራተኛው ባዶ እጃቸውን ሲያስፈራሩ ነቃችባቸው፤ ሌላ አምስት። ከዚያ ሰባት በትናንሽ እጅ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሁለቱ መስመሮች ከወለሉ አልተነሡም። 

አርባ ሰባተኛው እጅ ላይ ስትቆጥር አሥራ አራት ፎቅ ወስዳባቸዋለች። ሰባ አራትና አሥራ አራት ሰማንያ ስምንት ነው። ሞላ። የእናቷ ዓይን ሞላ። በአቶ ኪሩቤል ፊት ሦስት ፎቅ ቀርቷል፤ ሦስቱን አትፈልጋቸውም። አቶ ኪሩቤል ግን ይፈልጓቸዋል። ሄራን ታውቃለች፤ ሽማግሌው እግራቸው ወደ ታች ሲሄድ ብዙም አይቸግራቸውም፣ ሲወጡ ነው የሚብሳቸው። ሦስት ፎቅ በሊፍት ማለት ስድስት ብቻ በእግር ማለት ነው።

ካርታዋን አየች። ሁለት ንግሥት።

አቶ ኪሩቤል ሦስቱን ወደ መሐል ገፉ። ሄራን ቀና ብላ አየቻቸው። ቢቻላት ትጥል ነበር፤ ሁለት ንግሥት ይዞ የሚጥል ግን የለም፤ ዳኛውም ካርታዋን ያያል። ከአርባኛው ሽምብራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያ የጠፋ የመሰላት ይሉኝታ እጇን አተሳሰረው። ግድግዳው ላይ የእሷ መስመር በጣት ስፋት ተነሣ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ተነፈሰች።

«ተራው ያንቺ ነው» አሉ አቶ ኪሩቤል። ድምፃቸው ሽምብራውን ያስቆጥሯት በነበረ ጊዜ የነበረው ድምፅ ነው።

«ተከትያለሁ» አለች።

ካርታቸውን ገለበጡ። ንጉሥና አሥር። በመሐል የወረዱት አምስት ካርታዎች ለማንም አልጠቀሙም። መስመሩ ወረደ። ዳኛው፣ «ርኅራኄ አልተገኘም። የጅግራ ዘጠና አንድ ፎቅ ተለቅቋል» አለ። አንዳንዱ ሊያጨበጭብ እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው።

«ሁለት ንግሥት» አሉ አቶ ኪሩቤል። «ትክክል ነው።» ተነሥተው ዳሌያቸውን ያዙ። ሄራን ልታመሰግናቸው አፏን ስትከፍት ወይዘሮ ማራናታ ጣታቸውን አነሡ፤ መዝገቡ እስኪዘጋ ምስጋናም አይፈቀድም። መዝገቡ የሚዘጋው በአሥር ቀን ነው። ሄራን አፈረች። ያሸነፈ ሰው እንደዚህ ሲያፍር አይታ አታውቅም።

ረቡዕ ዕለት እናቷን በሊፍት አወረደች፣ ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ፤ በሊፍት ተመለሱ። ያንን ሌሊት ወይዘሮ ኤልዳና አንዱ ዓይናቸው በፋሻ፣ አንዱ በጨለማ ሆኖ አደሩ። ሐሙስ በሊፍት ወርደው ፋሻው ተፈታ። ሐኪሟ ሦስት ጣት አሳየቻቸው። «ሦስት» አሉ። «ጥፍርሽን ግን ተቆረጪ።»

ሲመለሱ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ወይዘሮ ኤልዳና ከታክሲ ወርደው የሕንጻውን በር፣ ቀለሙ የተላጠውን ግድግዳ፣ የልጃቸውን ጫማ ሁሉ ስም እየጠሩ አዩ። ሄራን ሊፍቱን ጠራች። ሊፍቱ የእናቷን ፊት አነበበና ሃያ ሁለት ፎቅ ወሰደ። የጠራ ከፍሏል፤ ገባም አልገባም።

በሩ ሊከፈት ሲል ወይዘሮ ኤልዳና ወደ ደረጃው ዞሩ። «ያ ኪሩቤል አይደል?»

ነበሩ። አንድ ፌስታል ዳቦና ቲማቲም ይዘው፣ አንድ እጃቸውን በደረጃው ብረት ላይ አድርገው፣ ሁለተኛው እርከን ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

«አንተ ኪሩቤል፣ ሊፍት እያለ በደረጃ ምን ትሠራለህ?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እንኳን ዓይንዎን አበራልዎ፣ እትዬ። ምንም አይደል፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። ሐኪሙም ተራመድ ብሎኛል።»

ሊፍቱ ተከፈተ። ሄራን የእናቷን ክንድ ይዛለች። ሽማግሌው ወደ እሷ አላዩም፤ ሆን ብለው እንዳላዩ ገባት። እናቷን ይዛ መግባት ትችል ነበር። ሐኪሙ ተራመድ ብሏቸዋል፤ እናቷም አምነዋል፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ካርታው የሚጣልበት ቦታ ነበር።

«እየዋሸሽ ነው፣ እማዬ» አለች ሄራን፤ ድምፅዋ ተደነቃቀፈባት። «ማለቴ፣ እየዋሹሽ ነው። ፎቃቸውን እኔ ነኝ የበላሁት። አሥራ ሰባቱንም። አሥራ አራቱን ላንቺ ብዬ ነው። ሦስቱን ግን ሳልፈልገው ነው የወሰድኩት፤ እንዳይሰረዝብኝ ብዬ። ዘጠኙንም ፎቅ በእግራቸው የሚወጡት በእኔ ነው።»

«ተይ እንጂ» አሉ አቶ ኪሩቤል። «ጨዋታ ነው።»

ወይዘሮ ኤልዳና አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ሽማግሌውን አዩ። ከዚያ ክንዳቸውን ከሄራን እጅ አስለቀቁና ወደ ደረጃው ሄዱ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን የመጀመሪያዎቹን እርከኖች ያሳያል። ጎንበስ ሳይሉ፣ ሐኪሟ እንዳለችው፣ በእግራቸው ጫፍ የመጀመሪያውን ደረጃ ፈተኑት።

«ይታየኛል» አሉ። ሁለተኛው ላይ ደርሰው የአቶ ኪሩቤልን ክንድ ያዙ። «ና፣ እንውጣ። ዘጠነኛ ላይ ሻይ ታጠጣናለህ፣ አርፈን የቀረውን እኔ እወጣዋለሁ።» ከዚያ ወደ ኋላቸው፣ «አንቺ ግቢ፣ ሃያ ሁለት ፎቅ አይባክን» አሉ።

ሄራን ሊፍቱን አየችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሕንጻ በእግሯ ወጥታለች፤ ጉልበቷ ጠዋት ጠዋት ይጮኻል። ሃያ ሁለቱ ፎቅ ተከፍሎባቸዋል። መግባቷ ማንንም አይጎዳም፤ አለመግባቷም ማንንም አይጠቅምም።

በሩ ተዘጋ፤ ሊፍቱ ባዶውን ወደ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ ተሰማ። ሄራን ሮጣ ደረሰችባቸውና ፌስታሉን ከአቶ ኪሩቤል እጅ ወሰደች።

«ይሄ መጥፎ ጨዋታ ነው» አሉ ሽማግሌው ሳይዞሩ።

«ዐውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች።

ሦስቱም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደርሰው ትንሽ አረፉ።